ቀዩ ሽቦ ለብቻው

ያቺ ካውያ የኔ ነበረች። ይህን ለብዙ ዓመት ለራሴ ብቻ ስለው ኖሬያለሁ፤ አሁን ሰው ይስማው ብዬ እጽፈዋለሁ። የኔ ነበረች ስል ገዝቻት አይደለም፤ በስጦታም እጄ አልገባችም። አራት ዓመት ሙሉ በገዛ እጄ ገፍቻታለሁ፤ አንድ ቀን የኔ እንደምትሆንም ቃል ተገብቶልኝ ነበር። ከዚያ ሌላ ሴት ወሰደቻት። በቃል ብቻ የቀረን ነገር የኔ ብሎ መንገብገብ ደግ ሴት አያሰኝም። ደግ ነኝ ያልኩት ግን የለም።

ጊዜው ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው፤ ወደ ማብቂያው ግድም። እኔና ባለቤቴ ኮልፌ፣ ከገበያው ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ላይ፣ አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖር ነበር። የቤታችን በር ወደ መንገድ ስለሚከፈት የፊተኛውን ክፍል ልብስ መተኮሻ አድርጌዋለሁ። ጠዋት ከሰል አያይዤ ፍሙን ካውያዬ ሆድ ውስጥ እጨምርና የሰው ሸሚዝና ሱሪ ስገፋ እውላለሁ። የከሰል ካውያ ባለቤቷን የምታዋርድ ዕቃ ናት። በጎኗ ቀዳዳ ፍንጣሪ ተፍታ ነጭ ሸሚዝ ትበሳለች፤ አመዷ አንገትጌ ላይ ይረግፋል፤ ስትቀዘቅዝ ደጅ ይዞ ወጥቶ ማራገብ ነው። ማታ ስናፈጥ የሚወጣው ጥቁር ነበር።

ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር። የጭነት መኪና መብራት፣ ባትሪ፣ ዲናሞ፣ ይሄ ሁሉ የሱ ነው። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ኮረንቲ የነካው ነገር ሁሉ ወደሱ ይመጣል። አምፖል ሲቃጠል፣ ሬዲዮ ሲያንኮራፋ ይጠሩታል፤ እሱም ካቻቢቴውንና ፒንሳውን በካኪ ኮቱ ኪስ ከቶ ይሄዳል። እጁ ቀልጣፋ ነበር። እንዳልዋሽ፣ ያገባሁትም ያን እጁን አይቼ ነው። በሰው ቤት ደስ ብሎት የሚያወራ፣ በቤቱ ግን በአገጩ የሚመልስ ሰው ነበር።

ሌላዋ ሴት የግቢውን የወዲያኛውን ቤት የተከራየችው ናት። ዕድሜያችን እኩል ነው። አባቷ ከከፋ ቡና ይዘው እየተመላለሱ ሲነግዱ ኖረው በመጨረሻ ኮልፌ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ አድጋለች። ብቻዋን ትኖራለች፣ ጥልፍ ትጠልፋለች። እሑድ እሑድ በየቤቱ እየተሰበሰቡ ከሚዘምሩት አንዷ ነበረች፤ ጴንጤ የሚለው ስም ያኔ ገና አፍ ላይ እየተለመደ ነበር። በሥራ ቀንም ስትጠልፍ ትዘምራለች፣ ስትጠርግ ትዘምራለች። ጠዋት ጠዋት ሸክላ ይዛ ትመጣና ከኔ ፍም ትወስዳለች፤ በዚያው ቆመን እንስቃለን። ክፉ ጎረቤታሞች አልነበርንም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካርቶን ታቅፋ ገባችና ጠራችኝ፤ ነይ እስኪ አይተሽ ፍረጂልኝ፣ አንቺ የሙያው ባለቤት ነሽ አለች። ካርቶኑን ስትከፍት ካውያዋን አየኋት። እጀታዋ ጥቁር ነው፤ በግራ ጎኑ ጫፉ ላይ የጥፍር ያህል ተሸርፏል። ያንን የሸረፍኩት እኔ ነኝ። ሥራ በጀመርኩ ዓመት ሲሚንቶ ደረጃ ላይ ጥያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄን ሳልወልድ በፊት ከተማ መሀል አንድ የፈረንጅ ቤት ልብስ አጣቢና ተኳሽ ነበርኩ። እመቤቲቱ ከአገር ስንወጣ ይቺ ካውያ ያንቺ ናት ትለኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ብዙ ጊዜ። እኔ ለመውለድ ሥራዬን ተውኩ። አራስ ቤት ሳለሁ እነሱ ዕቃቸውን በር ላይ አውጥተው በአንድ ቀን ሸጠው ሄዱ። የቤታቸው ዘበኛ ያረዳኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ካውያዋን ያኔ የገዛችው የጎረቤቴ የእምነት እህት ነበረች፤ ዓመት ሙሉ ሳትነካት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ፣ አሁን ለሷ አስተላለፈቻት። ጎረቤቴ ይህን ሁሉ በደስታ ስትነግረኝ የኔን ነገር አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም። እንኳን ደስ አለሽ አልኳት። ቤቴ ገብቼ የከሰል ካውያዬን በእርግጫ መታኋት። እግሬን ለሦስት ቀን አመመኝ።

የገመዷ ጫፍ ባለ ሦስት እግር ሶኬት ነበር። የኛ ግቢ ግድግዳ ላይ ያሉት ሶኬቶች ግን ባለ ሁለት ቀዳዳ ናቸው፤ መሀለኛዋ እግር የምትገባበት የለም። እዚህ ላይ ስለዚያ ገመድ የማውቀውን መናገር አለብኝ።

በፈረንጆቹ ቤት ሥራዬን ስጨርስ ሶኬቱን ይዤ አልነቅልም ነበር፤ ከቆምኩበት ገመዱን ሳብ ነው። አንድ ቀን ገመዱ ከሶኬቱ ተቦጭቆ እጄ ላይ ቀረ። ሽማግሌው፣ የእመቤቲቱ ባል፣ አልተቆጡኝም። ጠረጴዛ አጠገብ አስቀምጠው ካቻቢቴ አስያዙኝ። ውጪውን ሽፋን ስትልጪ የውስጦቹን አትንኪ፤ የቀጭኑን ሽቦ ፀጉር አንድም ሳይቀር ጠቅልለሽ ግመጂ፤ ብሎኑ ወደሚጠብቅበት አዙረሽ እሰሪ፤ ሶኬቱ ውስጥ ገመዱን አንቆ የሚይዘው ማነቆ የሚይዘው ወፍራሙን ሽፋን እንጂ ቀጫጭኖቹን አይደለም። ይህን ሁሉ ያሳዩኝ ግማሹን በእጅ ግማሹን በተሰባበረ አማርኛ ነው። ከውስጥ ሦስት ሽቦ አለ፤ ጥቁር፣ ግራጫና ቀይ። ቀዩን ከሁለቱ አስረዝመው ይተዉታል። ለምን ስላቸው ገመዱን ሳብ አደረጉ፤ ሰው ቢጎትተው ጥቁሩና ግራጫው አስቀድመው ይለቃሉ፣ ቀዩ መጨረሻ ይቀራል። ከዚያ ቀዩን ከግራጫው ጋር በጣታቸው አጋጠሙ፣ መዳፋቸውን የካውያዋ ሆድ ላይ አደረጉ፣ ሰውነታቸውን አንዘፍዝፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «ቀይ መሬት» አሉኝ ወለሉን በእግራቸው መታ እያደረጉ፤ «ቀይ ለብቻው»። ያሰርኩትን ፈትተው ሦስት ጊዜ እንደገና አሠሩኝ።

ይህን አንድ ጊዜ ለባለቤቴ ነግሬው ነበር። እሱ ደግሞ ለጋራዥ ጓደኞቹ ነገራቸው፤ ሰው ሁሉ ኤሌክትሪሻን ሆኗል፣ የኔም ሚስት ሳትቀር ብሎ። ከዚያ ወዲህ እሱ ፊት ስለ ሽቦ አፌን ከፍቼ አላውቅም።

ጎረቤቴ ባለቤቴን ላስቸግረው ነው ብላ አስቀድማ ያስፈቀደችው እኔን ነው። ጨዋ ነበረች፤ ጨዋነቷ ራሱ ሊያናድደኝ ጀምሮ ነበር። እሑድ ቀን ሄደላት። አምፖል ለመቀየር የቡና ስኒ እስኪቀዘቅዝ የማይፈጅበት ሰው ቆየ። ልጄን አዝዬ፣ ምሳ ቀርቧል ልል የመጣሁ መስዬ ሄድኩ። ምሳ አልቀረበም ነበር።

ሁለቱም በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እሷ የገመዱን ጫፍ ይዛለታለች፤ እሱ ያስረዳታል። ስለ ኮረንቲ፣ ከየት ገብቶ በየት እንደሚመለስ፣ እንደ አስተማሪ እየዘረዘረ። በኔ ቤት ከዚያ ሩቡን ያህል ቃል በሳምንት አይወጣውም። ዝቅ ብዬ እጁን ሳይ ባለ ሦስት እግሩን ሶኬት ቆርጦ ጥሎታል፤ በምትኩ ባለ ሁለት እግር ይዟል። ጥቁሩን ባንደኛው እግር አስሯል። ግራጫውንና ቀዩን አንድ ላይ ገምዶ በሁለተኛው ሊያስር ነው።

«ቀዩስ?» አልኩ።

ቀና ብሎም አላየኝ። መልሱን የሰጠው ለሷ ነው። ቀዩ የካውያዋን ሰውነት የነካው ሽቦ ነው፤ መኪና ላይ ሰውነቱ ሁሌም ከመመለሻው ጋር ነው የሚታሰረው፣ ማሳ የምንለው እሱ ነው፤ ዝም ብሎ ከሚንጠለጠል ይታሰር አላት። እሷ ራሷን ነቀነቀችና ወደኔ ዞራ ሳቀች። «የሷ ካውያ ሽቦ የላት፣ ምን አስጨነቃት!» አለች። በፍቅር ነው ያለችው፤ ጠዋት ፍም ስትወስድ እንደምንቀላለደው። ግን እሱም አብሯት ሳቀ።

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ሽማግሌው ያሉኝ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አፌን ዘጋሁ። ባለቤቴን ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ቅናት ነው።

ሶኬቱን ግድግዳው ላይ ሰካው፤ ቀዳዳው ላላ ስላለ በክብሪት እንጨት አጠበቀውና አትንቀይው፣ ግድግዳው ላይ ማብሪያ ማጥፊያ አለልሽ አላት። አበራው። በእጁ ጀርባ የካውያዋን ሆድ ነካ ነካ አደረገ። ምንም አልሆነም። ካውያዋ ጋለች። እኔም የሽማግሌው ሕግ ለራሳቸው አገር ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ወር ነው። ደንበኞቼ አንድ በአንድ ሄዱ። መጀመሪያ የእምነት ወንድሞቿ ነጭ ሸሚዝ ይዘው መጡላት፤ ይሁን፣ የራሷ ሰዎች ናቸው አልኩ። ቀጥሎ በየሳምንቱ ሸሚዝ የሚያመጣልኝ የሰፈሩ አስተማሪ ሄደ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሸሚዙን በብብቱ ደብቆ ሲያልፍ አየሁት። የግቢው ባለቤት ባልቴቲቱ እንኳ ነጠላቸውን ለሷ ሰጡ፤ እሳቸው ግን አልደበቁም፣ ያንቺ አመድ አለበት ብለው ፊት ለፊት ነገሩኝ።

ግቢው በሙሉ የሚጠቀመው በአንድ ቆጣሪ ነው። እሷ ካውያዋን ስታበራ የኔ አምፖል ይደክማል። በክረምት ጠዋት ቤታችን ያለ አምፖል አይታይም ነበርና፣ ከሰል ስቆሰቁስ መብራቱ ፈዘዝ ሲል ጀመረች ማለት ነው። ወዲያው መዝሙሩ ይከተላል። መብራቱ ይደክማል፣ መዝሙሩ ይነሳል። ፍም ልትወስድ መምጣቷንም ተወች፤ የምትጥደውን ሁሉ አንዴ ማታ ትጨርሰዋለች። ሰው ምቀኛ አታሳጣኝ ይላል፤ እሷን ፈጣሪ አላሳጣትም፣ አጠገቧ አስቀምጦላታል።

ያ ሁሉ ሳለ ቀዩን ሽቦ አልረሳሁትም። ጠዋት ጠዋት መዝሙሩን ጆሮዬን ሰጥቼ እሰማለሁ። ምን እንደምጠብቅ ለራሴ አልነገርኩትም፤ ግን እጠብቅ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል።

አንድ ቀን ለልጄ በራሷ እጅ የጠለፈችበትን ኮፍያ ሰጠችው። ዳር ዳሩን ትናንሽ ቢጫ አበባ አድርጋበታለች። ያን ቀን አፈርኩ። ላመሰግናት ስሄድ አብሬ ልነግራት ቆርጬ ነበር፤ እንዲያውም በምን ቃል እንደምጀምር መንገድ ላይ ተለማምጄዋለሁ። በሩን ስገባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሸሚዝ አየሁ። የባለቤቴ ሸሚዝ ነው። የሠርጋችን ዕለት የለበሰው፣ ከዚያ ወዲያ ለክብር ቀን ብቻ የሚያወጣው። እጅጌው ቀጥ ብሏል፣ አንገትጌው ነጥቷል። እኔ በስድስት ዓመት እንደዚያ ተኩሼው አላውቅም።

ሸሚዙን ሳይ አየችኝና ደነገጠች። አመድ እንዳይነካው ብሎ ነው ያመጣው፣ አንቺ ያወቅሽ መስሎኝ ነበር አለች። ስለ ኮፍያው እግዜር ይስጥልኝ አልኩና ወጣሁ። የልጄን ኮፍያ በመንገዱ ላይ አውልቄ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ሌላውን አልነገርኳትም።

ሐምሌ ውስጥ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋትም አላባራ። የሷ ቤት ጣሪያ ያፈሳል፤ ውኃው በግድግዳው በኩል ወርዶ ሶኬቱ አጠገብ ደርሷል። እሷ ሶኬቱን ነቅላ ግድግዳውን በጨርቅ ወለወለችና መልሳ ሰካችው። የክብሪት እንጨቱ ወድቋል፤ ሶኬቱም ተገልብጦ ገባ። ባለ ሁለት እግር ሶኬት እንዲህም ሆነ እንዲያ ይገባል። እስከዚያ ቀን ቀዩን ሽቦ ያገናኘው ከመመለሻው ጋር ነበር፤ አሁን ግን ኮረንቲው ከሚመጣበት፣ እሳቱ ከሚባለው ሽቦ ጋር አገናኘው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። እኔ ያየሁት አምፖሌ ሲደክም ነው።

መዝሙሩ ተነሳ። ሁለት ስንኝ ሄደ። ሦስተኛው መሀል ላይ ተቆረጠ። አምፖሉ እንደደከመ ነው።

ቆምኩ። አንድ አፍታ ቆምኩ። ገብቶኝ ነበር፤ ግን እግሬ አልተነሳም። ከዚያ ልጄን መሬት ላይ አስቀምጬ በጭቃው ሮጥኩ።

የሰው ነጭ ልብስ በጭቃ እንዳይነካ ብላ ጫማዋን በር ላይ ነው የምታወልቀው። በባዶ እግሯ እርጥብ መሬት ላይ ቆማለች። በቀኝ እጇ እጀታውን ይዛለች፤ ግራ እጇ ውኃ የተረጨበትን ሱሪ ከካውያዋ ጎን ጋር ጨብጦታል፣ አይለቅም። ጥርሷ ገጥሟል። ዓይኗ ግን ክፍት ነው፣ እኔን ያያል። ሶኬቱን ለመፈለግ ጊዜ አልነበረም። ገመዱን በሁለት እጄ ይዤ እንደ ድሮዬ ጎተትኩት። ከግድግዳው ተነቅሎ መጣ። እሷ ወደቀች።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ወተት አጠጧት። መዳፏ ተቃጥሏል፣ ክንዷ ለሰዓታት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ተረፈች። ባልቴቲቱ ጭንቅላቴን ይዘው፣ አንቺን ያስቀመጠላት እግዜር ነው፣ ልጅሽ ይደግልሽ ብለው መረቁኝ። የሰፈሩ ሴቶችም መረቁኝ። እሷ ራሷ በደህናዋ እጅ እጄን ስባ ሳመችው። እንደዚያ ቀን ምርቃት የከበደኝ የለም።

ማታ ባለቤቴ መጣና ካውያዋን አገላበጠ። አርጅታለች፣ ውስጧ ተበጥሷል፣ ይቺ መጣል ናት ብሎ ፈረደ። ባልቴቲቱም ከዛሬ ጀምሮ ግቢዬ ውስጥ የኮረንቲ ካውያ አልይ አሉ። ነገሩ ተዘጋ። ቀዩን ሽቦ ያነሳ ሰው የለም። ዝም ካልኩ የሚያውቅብኝ አልነበረም።

በማግስቱ ደንበኞቼ ተመለሱ። አስተማሪው ሸሚዙን ሳይደብቅ አመጣ። እሷ ይዛው የወደቀችው ሱሪ እንኳ እኔ ዘንድ መጣ፤ ጎኑ ላይ ትንሽ ቡናማ ምልክት ነበረው። በከሰል ካውያዬ ተኮስኩት። የፈለግሁት ሁሉ ሆኖልኝ ነበር። እሷ በታሰረ እጇ መርፌ መያዝ አትችልም፣ ካውያ ተከልክላለች፤ ቤቷ ዝም ብሏል። ሁለት ቀን ያን ዝምታ ሰማሁ። በሦስተኛው ቀን ከሰሉን አላያያዝኩም።

ባለቤቴ ሥራ የማይገባበት ቀን ነበር። ና ተከተለኝ አልኩትና እሷ ቤት ገባን። ያን ዕለት ቆርጦ የጣለውን ባለ ሦስት እግር ሶኬት ጠየቅኋት። ይጠቅማል ብላ ከቁልፎችና ከመርፌዎቿ ጋር ጣሳ ውስጥ አስቀምጣው ኖሯል። ካቻቢቴውን ከባለቤቴ ኪስ አወጣሁ። አንቺ ምን ታውቂያለሽና ብሎ ጀመረ፤ ማሳውን፣ የመኪናውን ነገር ሊደግመው ነው።

«መኪና ላስቲክ ላይ ነው የሚቆመው» አልኩት። «እሷ በባዶ እግሯ መሬት ላይ ነበር የቆመችው።»

ወለሉን አየ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት፤ ሰው ልገድል ነበር የሚል ፊት ነው። ከዚያ ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀኝ። በጋብቻችን ዘመን ስለ ኮረንቲ እኔን የጠየቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ባለ ሦስት ቀዳዳ የግድግዳ ሶኬት ከመርካቶ አመጣ። የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ከግድግዳው ጀርባ እርጥቡ መሬት ውስጥ ክንድ ከስንዝር ያህል በመዶሻ ቀበረ፤ ያመለጠ ኮረንቲ መሬት እንዲገባ ከሱ ሽቦ አስሮ ወደ መሀለኛዋ ቀዳዳ አስገባ። ባልቴቲቱን ለምኖ ያስፈቀደውም እሱ ነው፤ ጥፋቱ የካውያዋ ሳይሆን የኔ ነው ብሎ። ለዚያ ቃል እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

እኔ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ሽማግሌው እንዳሳዩኝ አደረግሁ። ሽፋኑን ላጥሁ። ፀጉሩን ገመድኩ። ጥቁርና ግራጫውን ዳርና ዳር፣ ቀዩን አስረዝሜ መሀል ላይ ለብቻው አሰርኩት። ማነቆውን በወፍራሙ ሽፋን ላይ አጠበቅሁ። ጎትቼ ሞከርኩት፣ አልተነቃነቀም። እሷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጄን እጄን ታያለች።

የት ተማርሽው አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። የፈረንጆቹን ቤት፣ ቃሉን፣ የተሸረፈውን እጀታ። ጣቷን ሰድዳ ሽራፊውን ዳሰሰችው።

«ያን እሑድ ቆመሽ ነበር» አለች። «ቀዩስ ብለሽ ጠይቀሻል።»

«አዎ።»

«ታውቂ ነበር።»

ባለቤቴ በር ላይ መዶሻውን እንደያዘ ቆሟል። ሌላ መልስ ልፈልግ እችል ነበር፤ ሰው ሲጠየቅ የሚለው ሞልቷል።

«አውቅ ነበር» አልኳት።

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ውጪልኝም አላለችኝም። የታሰረ እጇን ጉልበቷ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችና «እንግዲያው መጀመሪያ አንቺ ንኪያት» አለች።

የላስቲክ ጫማዬን አወለቅሁ። ወለሉ ገና አልደረቀም ነበር፤ ቅዝቃዜው በእግሬ ወጣ። ሶኬቱን ሰካሁ፣ አበራሁ፣ መዳፌን ሙሉውን የካውያዋ ሆድ ላይ አሳረፍኩ። ምንም አልነዘረኝም። እጄን ግን አላነሳሁም። ለብ አለች፣ ቀጥሎ ሞቀች። እሷ ካውያዋን አታይም፤ የምታየው ፊቴን ነው። ማቃጠል ጀመረች። በቃ እስክትለኝ ድረስ ጠበቅሁ።

«በቃ» አለች።

እሷ ከዚያ ግቢ እስክትለቅ ድረስ አራት ዓመት አብረን ኖርን። ደንበኞቼ እንደገና ወደሷ ሄዱ፤ አስተማሪው እንደገና ሸሚዙን መደበቅ ጀመረ። መዝሙሯም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ግን ሶኬቱ በማንኛውም ምክንያት ተነቅሎ በተሰካ ቁጥር በግቢው ማዶ ቆማ ትጠራኛለች፤ ነይ ንኪልኝ ትላለች። እኔም የያዝኩትን ጥዬ እሄዳለሁ። ጫማዬን አወልቃለሁ፣ እጄን አሳርፋለሁ፣ በቃ ስትለኝ አነሳለሁ። ባልቴቲቱ እንዴት ያለ መዋደድ ነው ይሉ ነበር።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። በባዶ እግሬ ቆሜ መዳፌን ባሳረፍኩባት ቁጥር፣ እሷ ፊቴን ፊቴን ስታየኝ፣ እኔ በሆዴ የኔ ነበረች እላለሁ። ከዚያ ጫማዬን አጥልቄ ወደ ከሰሌ እመለሳለሁ።